ከላይ ሲያዩት ነጭ

ሚያዝያ 21
ከዋናው መሥሪያ ቤት

ሚጢዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ምነው ጠፋሽ፣ ተኳረፍን እንዴ?» ብለሽ ለጻፍሽው፣ ኧረ ምን ሲደረግ! አፍሬ ነው። ያፈርኩበትን ላንቺ ካልነገርኩ ለማንም አልነግርምና፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። በተለይ ጡሩምባው እጅ እንዳይገባ። ያ ሰውዬ አውቶቡስ ከሚነዳው ይልቅ ወሬ የሚነዳው ይፈጥናል።

ካርታዬ ተመረቀ። ስንት ጊዜ ስለሱ ስነዘንዝሽ የኖርኩት ካርታ ማለት ነው። አዳራሹ አለቃ በአለቃ ሆኗል፤ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ተሰቅሏል፤ እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ከስክሪኑ ጎን ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የሚታየው አገሩ በሙሉ ነው። በሽተኛ የበዛበት አውራጃ ቀይ፣ ያልበዛበት ነጭ። አውራጃውን ጫን ሲያደርጉት ይከፈትና ወረዳዎቹ ይወጣሉ። ወረዳውን ሲጫኑት ጤና ጣቢያዎቹ፤ ጤና ጣቢያውን ሲጫኑት ደግሞ እያንዳንዱ በሽተኛ አንዲት ነጥብ ሆኖ ይመጣል። ሽንኩርት እንደመላጥ በይው፤ ሲላጥ የሚያስለቅስ መሆኑም ያው ነው።

ሁሉም «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» እያለ ሳለ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ፈገግ ብለው፣ «እስቲ የአንቺን ቤተሰብ ሰፈር አሳዪን» አሉ። ምን ችግር አለ! ጫንኩ፤ የማላውቀው አውራጃ ተከፈተ። ይቅርታ ብዬ ተመለስኩ። ሁለተኛ ጫንኩ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ወረዳ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሽሙጤ፣ ያ ከእኔ ጎን ተቀምጦ መረጃ የሚያስገባው አሽሟጣጭ፣ ከኋላ ሆኖ «ካርታ ሠሪ ካርታዋ ውስጥ ጠፍታለች፤ ያገኛት ይመልስልን» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን እሳት ሆኖ ነበር።

በምን ተሸወድሽ ትይኝ ይሆናል። የእናንተ አውራጃ ነጭ ነው፤ ጎረቤቶቹም ነጭ ናቸው። ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ድንበሩ አይለይም። ይሁን፣ ነጭ ከሆናችሁ ጤና ናችሁ ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነት ጤና ናችሁ? ስልኩስ ተሠራ? ውሃ ታፈያለሽ ወይ?

ለድንቡሼ ጫማ ልኬያለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ ዘለበት አለው። ከጠበባት ጻፊልኝ፣ ሻጩ ይቀይርልኛል። እግሯም እንደ ጉንጯ ከሆነ ግን እንግዲህ የሚያክላት ጫማ ከየት ይገኛል?

እህትሽ

ግንቦት 3
ከወንዙ ዳር ጤና ጣቢያ

እትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ አልከተትኩትም፤ ይቅርታ። ሰሞኑን የሚያስቅ ነገር ስለጠፋ ደግሜ ደግሜ አነበብኩትና አሁን ትራሴ ሥር ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ስልኩ አልተሠራም፤ ምሰሶው እንደወደቀ ነው። ውሃ ታፈያለሽ ወይ ላልሽው፣ እኔ አፈላለሁ። የታችኛው መንደር ሰው ግን ወንዙን እንዳለ ነው የሚጠጣው፣ ወንዙ ደግሞ ከዝናቡ ወዲህ የምናውቀው ወንዝ አይደለም። ጫማው ልኳ ነው፤ ድንቡሼ አድርጌው ካልተኛሁ ብላ ስንጣላ ነው የምናመሸው። «አክስቴ ናት የላከችልኝ፣ አንቺን ምን አገባሽ» ትለኛለች። በአራት ዓመቷ!

ጤና ናችሁ ወይ ላልሽው ደግሞ፣ አይደለንም።

ተቅማጥና ትውከት ነው። ተቅማጡ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፤ ምን እንደሆነ ስሙን አልጽፍልሽም፣ ታውቂዋለሽ። ጠዋት በእግሩ መጥቶ «ነርሷ፣ መርፌሽን ደብቂልኝ» እያለ ሲቀልደኝ የነበረውን ዓሣ አጥማጅ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጆቹ ሬሳውን ተሸክመው ሄዱ። አልጋው ሲሞላ ወንበር፣ ወንበሩ ሲሞላ ወለል ላይ እያስተኛሁ ነው። ያለኝን ግሉኮስ ለአዋቂ ሳይሆን ለሕፃን ብቻ ብዬ መምረጥ ጀምሬያለሁ። እትዬ፣ መምረጥ አላስተማሩንም።

ሪፖርቴን በየሳምንቱ እልካለሁ። ለጡሩምባው እሰጠዋለሁ፣ እሱ ወረዳ ያደርሳል፣ ወረዳ ኮምፒውተር ላይ ያስገባሉ። አንድም አላጎደልኩም። ታዲያ የግሉኮሷን መኪና ጡሩምባው መገንጠያው ላይ አይቷት ነበር። «በኛ በኩል ትታጠፋለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት፤ ቀጥ ብላ ሄደች» አለኝ። ካርታሽ እኛን የት ነው ያደረገን?

ሚጢ

ግንቦት 9
ከዋናው መሥሪያ ቤት

ሚጢዬ፣

የት እንዳደረጋችሁ አገኘሁት። ብዙ አልፈለግኩም፣ ዝም ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። አውራጃውን ከፈትኩ፤ ነጭ። ወረዳችሁን ከፈትኩ፤ ጤና ጣቢያሽ ከቀይ አልፎ የጠቆረ ደም መስሏል። ነጥቦቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው መቁጠር አቃተኝ። ሪፖርትሽ አልጠፋም። ሁሉም ደርሷል፣ ሁሉም ገብቷል። የሚያየው ነው የጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረዳችሁ ውስጥ የአስፋልቱ ከተማ አለ፤ እዚያ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፣ የታመመ የለም። ካርታው የታመመውን ለነዋሪው ሁሉ ያካፍላል። የእናንተ መንደር ሥቃይ ለከተማው ሰው ተካፍሎ፣ ወረዳው ደግሞ በአውራጃው ውስጥ እንደገና ተካፍሎ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ እንደበዛበት ሻይ ቀለሙ ይጠፋል። ሌላም ቦታ ካርታ የሚሠራ ሰው እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ አማካዩን ከላይ፣ ዝርዝሩን ከታች። ዝርዝሩን የፈለገ ይከፍታላ ተብሎ ነው።

ማን ይከፍታል? አለቃችንን እኛ በጓሮ «አመልካች» ነው የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ስብሰባ ላይ ያችን አመልካች ጣታቸውን ያነሱና በጣም የቀላውን አውራጃ ይጫናሉ። ከሱ ውስጥ በጣም የቀላውን ወረዳ። ከሱ ውስጥ በጣም የቀላውን ጤና ጣቢያ። «መኪናዋ እዚህ ትሂድ» ይላሉ፤ ስብሰባው አለቀ፣ ሻይ ይመጣል። ነጭ ነገር ሲከፍቱ አይቼ አላውቅም።

ዛሬ እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ ይቺን ነጯን ይክፈቷት» አልኳቸው።

«ነጭ ናትኮ።»

«ውስጧ ነጭ አይደለም።»

«ልጄ፣ እኔ ያሉኝ ሦስት መኪናዎች ናቸው፤ የሚጮኽብኝ አገር ሙሉ ነው። ውስጥ ውስጡን ልፈትሽ ብል እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። ቀይ ስትሆን ጥሪኝ» አሉና ጣታቸው ወደ ሌላው ሄደች።

ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሆኑማ ሰድቤያቸው ይወጣልኝ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እምቢ እንዳትዪኝ። ድንቡሼን ከጡሩምባው ጋር ላኪልኝ። ከፊት ወንበር ያስቀምጣት፣ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃታለሁ። እኔ ጋ ትክረም። ነገሩ ሲያልፍ ትመጫለሽ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ላኪያት።

እህትሽ

ግንቦት 16
ከወንዙ ዳር

እትዬ፣

ጽሕፈቴ ስለተበላሸ ይቅርታ፤ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ግሉኮሱ አለቀ። ስኳርና ጨው በጥብጠን በማንኪያ እየሰጠን ነው፤ መዋጥ ለሚችል። ድልድዩ ላይ ኬላ ቆሟል፤ ከዚህ ወደዚያ ሰው አያልፍም፣ ከዚያም ወደዚህ ከሐኪም በቀር አይገባም። ጡሩምባው ደብዳቤውን በኬላው አጥር ላይ ነው የሚቀበለኝ፤ እንደ ድሮው አያወራም፣ ጡሩምባውንም አይነፋም።

ድንቡሼን ላኪያት ያልሽው፣ ኬላው ባይኖርም አሁን ለመንገድ አትሆንም። ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

እንጀራሽን የሚያሳጣ ነገር እንዳታደርጊ ልልሽ ነበር። ጻፍኩትና ሰረዝኩት። የምትችዪውን ሁሉ አድርጊ፣ እትዬ።

ሚጢ

ግንቦት 20
ከዋናው መሥሪያ ቤት

ሚጢዬ፣ ሚጢዬ፣

መኪናዋ መጥታላችኋለች! ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ እሷ ትደርሳለች፤ እኔ ግን ካልጻፍኩልሽ ደረቴ ይፈነዳል።

ካርታውን ቀየርኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ሁሉም ምሳ ሲወጣ እኔ ቀረሁ፣ ሽሙጤም «የሚያስፈራ ፊት ይዘሻል» ብሎ አብሮኝ ቀረ። የሠራሁት ትንሽ ነገር ነው። አውራጃው የሚቀባው በአማካዩ መሆኑ ቀረና፣ ውስጡ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ሁሉ በባሰበት ቀለም እንዲቀባ አደረግኩ። አንዱ ጤና ጣቢያ ቢቃጠል ጢሱ ከላይ ይታያል ማለት ነው።

ጠዋት አለቃችን ገቡ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ስክሪኑ ፊት ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው? ይሄ ትናንት ነጭ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር፣ ጋሼ።»

«በአንድ ቀን እንዲህ ይሆናል?»

«ሲቀላ የከረመ ነው» አለ ሽሙጤ፤ «ዛሬ ነጠላውን አወለቀ እንጂ።»

ጣታቸውን አነሱ። አውራጃው ተከፈተ። ወረዳው ተከፈተ። ጤና ጣቢያሽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። «ክፈቷት ያልሽኝ ይቺን ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እህትሽ እዚያ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።» ናት አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ስልክ አነሱ። ግሉኮስ፣ ድንኳን፣ የውሃ ማከሚያ፣ ሁለት ነርስ። አንዷን መኪና ከመንገድ ነው ያስመለሷት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ይሄ ቀለም ግን እስከ እንግዶቹ ድረስ ብቻ ነው። ረጂዎቹ በሰኔ ይመጣሉ፤ አገሩን ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን አስመስለሽ አታሳዪኝም። ደግሞ ሁሉም ከቀላ እኔ ማንን ልምረጥ? ወደ ቀድሞው ትመልሺዋለሽ።» ስለ መምረጥ የጻፍሽልኝ ትዝ አለኝ።

ለመንገድ አትሆንም ያልሽው ምን ማለት ነው? ጉንፋን ነው? ጥርስ ነው? አንድ መስመር ጻፊልኝ እንጂ።

እህትሽ

ግንቦት 28
ከወንዙ ዳር

ለተከበርሽው እህቴ፣

መኪናዋ በሰላም ደርሳለች። ድንኳኑ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ተተክሏል፤ ንጹሕ ውሃ የሚይዝ ትልቅ የጎማ ማጠራቀሚያ መጥቶ ሰዉ ተሰልፎ ይቀዳል። የመጡት ነርሶች ጎበዞች ናቸው፤ አንዷ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፣ አልከለከልኳትም። ግሉኮሱ ለሁሉም ይበቃል፤ አሁን አልመርጥም። ከመጡ ወዲህ የሞተብን ጥቂት ነው፤ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ነው። የታችኛው መንደር ሽማግሌዎች ካርታ የሠራችውን ልጅ አመስግኑልን ብለዋል። እኔም አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነጥብ አንዴ ካርታው ላይ ከገባ በኋላ ይወጣል? ወይስ እንዳለ ይቀመጣል? የሰሞኑን ሪፖርት አዘግይቼ ነው የላክሁት። እንደማንኛውም ሰው ነው የሞላሁት፤ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አላስቀረሁም።

አክባሪሽ እህትሽ

ሰኔ 3
ከዋናው መሥሪያ ቤት

ሚጢዬ፣

«ለተከበርሽው» ብለሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ገና ሰላምታው ላይ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ካርታውን ከፈትኩ። አውራጃ፣ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፤ በየቀኑ የማደርገው ነው፣ ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል። ከሌሎቹ ፈንጠር ብላ አንዲት ነጥብ ነበረች፤ ከግቢው ሳትወጣ፣ የነርሷ መኖሪያ ላይ። ጫንኳት። ካርታው ስም አያወጣም፤ የማይፈቀድ ስለሆነ እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ሴት፣ አራት ዓመት፣ እናቷ የጤና ባለሙያ። ውጤት ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን አነበብኩት። ቀኑንም አነበብኩት። አለቃችን «ቀይ ስትሆን ጥሪኝ» ባሉኝና እኔ ካርታውን በቀየርኩበት መካከል ነው።

ሽሙጤ ምን ሆነሽ ሲለኝ ወደ ስክሪኑ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ ተነሳና በሩን ዘጋ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ ጋ ቆመ።

ወደ ኬላው ሄጄ ነበር። በሥራው የሌለ ሰው አይገባም አሉኝ። የካርታ ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው። «ካርታ አያክምም፣ እመቤቴ» አለኝ ዘበኛው፤ ለመሳደብ ብሎ አይደለም። ከድልድዩ ላይ የጤና ጣቢያሽ ቆርቆሮ ይታያል። ቆሜ አይቼ ተመለስኩ።

ጥያቄሽን ልመልስ። አይወጣም። እዚያው ነው የሚኖረው።

አሁን የምጠይቅሽ አለ። እንግዶቹ ሊመጡ ነው፤ አለቃችን ካርታው ወደ አማካዩ ተመልሶ ማየት ይፈልጋሉ። አልመለስኩትም። እንግዶቹ ፊት እኔው ልከፍተው አስቤያለሁ፤ ከአገሩ እስከዚያች ነጥብ ድረስ ወርጄ፣ ያለውን ጮክ ብዬ ላነበው። ቀለሙ እንዲቆይ ማድረግ የሚችሉት ገንዘቡንና መኪናውን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ነጥቧ ግን ያንቺ ናት። አትክፈቺው ካልሽኝ አልከፍተውም፤ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። በጡሩምባው አንድ ቃል ላኪልኝ።

አንቺን አቅፌ ማልቀስ ሲገባኝ ይህን እጠይቅሻለሁ። ይቅር በዪኝ።

እህትሽ

ሰኔ 9
ከወንዙ ዳር

እትዬ፣

ለምን አልነገርሽኝም ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ልንገርሽ። ብነግርሽ ሁሉን ጥለሽ ትመጪ ነበር። ኬላው ላይ ቆመሽ ታለቅሻለሽ፣ ዘበኛው አያስገባሽም፣ መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ደግሞ ነጯን ክፈቷት የሚል አይኖርም። ወለሉ ላይ የተኙ የሰው ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ጨክኜ አይደለም።

ረጅም አልነበረም። ከጠዋት እስከ ቀትር። አንዲት ከረጢት ግሉኮስ ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ የማስበውን ላንቺ አልጽፈውም። ሳጠጣት የነበረውን ውሃ፣ የማፈላውን ውሃ ሁሉ አስቤ አስቤ በየት እንደገባ አላገኘሁትም። ልጅ ናት፤ ወጥታ ትጫወታለች። የዓሣ አጥማጁ ሚስት ናት ያጠበችልኝ። የራሷን ሰው ቀብራ ሐዘኗ ሳይወጣ።

አሁን የታችኛው ጤና ጣቢያ ነርስ ሰው እየላከችብኝ ነው። ከወንዙ ወረድ ብሎ፣ ጎረቤት አውራጃ ውስጥ፣ እነሱ ጋ ተጀምሯል። ትንሽ ናቸው፤ ጎረቤታቸው ትልቅ ከተማ ነው። ካርታሽ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ነጭ ይሆናሉ። ያለኝን ግማሽ አካፍያቸዋለሁ፤ አይበቃቸውም። ነርሷ አንዲት ልጅ አለቻት፤ ገና ትድኻለች።

ክፈቺው።

ስም እንዳትጠሪ። ያለው ይበቃል፤ ሴት፣ አራት ዓመት። ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። እሱን ጻፊልኝ።

ሚጢ

ሰኔ 14
ከአዳራሹ

ሚጢዬ፣

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ቃልሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ጡሩምባው መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ይዞት መጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

እንግዶቹ ገብተዋል፤ ከፊት ተደርድረው ወረቀት እያገላበጡ ነው። አለቃችን ስክሪኑን ሲያዩት ቀይ ነው። ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ ብለው «መልሺው ብዬሽ አልነበር?» አሉኝ በሹክሹክታ። «እከፍተዋለሁ፣ ጋሼ፤ ከዚያ የሚሉኝን እቀበላለሁ» አልኳቸው። ምን እንደምከፍት ያውቃሉ፤ ሽሙጤ ነግሯቸዋል። አስቁሟት አላሉም፤ ቀጥዪም አላሉም። ሄደው ከእንግዶቹ ጎን ሳይሆን ከኋላ ወንበር፣ ብቻቸውን ተቀመጡ።

የታችኛው ጤና ጣቢያ ዛሬ ጠዋት ካርታው ላይ ታይቷል። ሽሙጤ ከወረዳው የመጣውን አስገባው፤ አውራጃቸው ከነጭ ወደ ቀይ ሲለወጥ ቁጭ ብለን አየነው። በድሮው አማካይ ቢሆን ኖሮ አይታይም ነበር። የምትድኸዋም ልጅ እዚያ ውስጥ ናት። ይህ ቀለም ከዚህ አዳራሽ በሕይወት መውጣት አለበት።

ስሜን እየጠሩኝ ነው። ፊታቸውን ልየውና፣ አንዱንም ሳላሳምር ሳላስከፋ፣ ማን ቀና እንዳለ ማን እንዳቀረቀረ፣ መኪናዋ ወደ ታችኛው ጤና ጣቢያ መታጠፍ አለመታጠፏን፣ ተመልሼ እዚህችው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

እህትሽ